የጎንደር ዳገት፣ ያረጀ ፒክ አፕና የናይትረስ ጋዝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፤ የምኖረው አዘዞ ሲሆን ባለ 22አር የቤንዚን ሞተር የሆነ አሮጌ የቶዮታ ሀይሉክስ ፒክ አፕ አለኝ። በመኪናው ወደ ደባርቅና ወደ መተማ የንግድ ዕቃ አመላልሳለሁ። ሞተሩ ዘይት መጉረስ ከጀመረ ቆይቷል፤ ጭነት ይዞ ዳገት ሲገጥመው ደግሞ ከሁለተኛ ማርሽ አልፎ መሄድ አቅቶታል። በቅርቡ በተመለከትኳቸው ቪዲዮዎች አሜሪካውያን ከወደቁ የጭነት መኪኖች ርካሽ ሞተር አውጥተው፣ ጥቂት አድሰውና ናይትረስ የሚባል ጋዝ ጨምረውበት ጉልበቱን እጅግ ሲያሳድጉት አየሁ። እኔም ሞተሬን ለማሳደስ ተነሥቻለሁ። ባለኝ ውስን ገንዘብ ናይትረሱን አብሬ ባቅድ ያዋጣኛል? ገንዘቤንስ በምን ቅደም ተከተል ላውጣ?

አንባቢ፣ ከአዘዞ

መልስ

ውድ አንባቢያችን፤ በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ችግሮች ተቀላቅለው ይታዩኛል። አንደኛው የሞተርዎ ማርጀት ነው፤ ሁለተኛው እርስዎም እኔም የምንኖርበት ከፍታ ነው። ናይትረስ የመጀመሪያውን ችግር ያባብሰዋል፤ ሁለተኛውን ደግሞ ለደቂቃዎች ብቻ ያስታግሰዋል። ስለዚህ ገንዘብዎን በልኬት ላይ ለተመሠረተ እድሳት እንዲያውሉትና ናይትረሱን ከዚህ ዕቅድ እንዲያወጡት እመክራለሁ። ይሁን እንጂ በቪዲዮው ያዩት ነገር ሐሰት አይደለም፤ ሐሳብዎም መሠረት ያለው ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ በዝርዝር ላስረዳ።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,133 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ አምባ ጊዮርጊስን አልፈው ደባርቅ ሲደርሱ ጉድለቱ ወደ አንድ አራተኛ ይጠጋል። ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው አየር በሲሊንደሩ ስፋት የተወሰነ በመሆኑ፣ አየሩ ሲሳሳ የሚያቃጥለው ነዳጅም ጉልበቱም አብረው ይቀንሳሉ። የእርስዎ 22አር 2,366 ሲሲ ሲሆን አዲስ ሳለ ወደ 100 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት ነበረው። እንግዲህ ምንም ሳያረጅ እንኳ ጎንደር ላይ የሚሰጠው 80 ያህል ነው ማለት ነው። መኪናዎ ዳገት ላይ ሲደክም ጥፋቱ ሁሉ የሞተሩ ወይም የመካኒኩ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ናይትረስ (ሙሉ ስሙ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ የናይትሮጅንና የኦክስጅን ውህድ) ይህንኑ የአየር እጥረት ለማሸነፍ የተሞከረ መላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ጋዙን በተዋጊ አውሮፕላኖቻቸው ሞተር ውስጥ ይጨምሩ የነበረው አውሮፕላኑ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ሲበር ጉልበት እንዳያጣ ብለው ነው። ጋዙ ከክብደቱ 36 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው፤ ተራው አየር ግን ከክብደቱ 23 በመቶ ያህል ብቻ ይይዛል። ሲሊንደር ውስጥ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ጋዙ ተበትኖ ኦክስጅኑን ይለቃል፤ ሞተሩም በዚያው ልክ ተጨማሪ ነዳጅ ማቃጠል ይችላል። ከዚህ ሁሉ መያዝ ያለበት ቁም ነገር ጋዙ በራሱ የማይቃጠል መሆኑ ነው። ጉልበቱ የሚመጣው አብሮት ከሚገባው ተጨማሪ ቤንዚን ነው፤ ቤንዚኑ ለጋዙ ከሚያስፈልገው ካነሰ ሙቀቱ ከልክ አልፎ ፒስተኑን ያቀልጣል።

በቪዲዮው ያዩት ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የሼቭሮሌት ፒክ አፖች 5.3 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ነው። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት በብዛት ስለተመረተ በአሜሪካ የወደቁ መኪኖች መሸጫ ሁሉ በርካሽ ይገኛል። ሞኖብሎኩ (ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ ዋና አካል) ብረት ነው፤ ገና ምንም ሳይነካ ከ270 በላይ የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ሰዎቹ ሞተሩን የሚያዘጋጁት ለጥቂት ሰከንድ የቀጥታ መንገድ ውድድር ነው፤ ቢፈነዳባቸውም በማግሥቱ ሌላ ይገዛሉ። የእርስዎ መኪና ግን የእንጀራዎ ምንጭ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለ አሮጌ ሞተር ዋጋው ከቀድሞው ይበልጣል። ያንን የአሜሪካ ሞተር አምጥቶ መግጠምም የሚታሰብ አይደለም፤ ክብደቱ፣ ማርሽ ሳጥኑና የነዳጅ ፍጆታው ይቅርና ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሞተር ቁጥር ለማስቀየር የሚጠይቀው ሥራ ብቻውን ገንዘብዎን ይጨርሰዋል።

አሁን ናይትረሱን ከእርስዎ መንገድ ጋር እናገናኘው። ጋዙ የሚቀመጥበት የተለመደው ሲሊንደር (ጠርሙስ) 4.5 ኪሎ ግራም ያህል ጋዝ ይይዛል። ለአራት ሲሊንደር ሞተር ልከኛ በሚባለው የ50 የፈረስ ጉልበት ጭማሪ ቢለቀቅ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ጋዙ የሚለቀቀው የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦና ሞተሩ በደቂቃ ከ3,000 ዙር በላይ እየዞረ ሳለ ብቻ ነው፤ በዝቅተኛ ዙር ከተለቀቀ ሞተሩን ሊሰብረው ይችላል። ከመተማ ቆላ ተነሥቶ ወደ አይከል የሚወጣው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ያስወጣዎታል፤ ጭነት የያዘ ፒክ አፕ ደግሞ ይህን የሚወጣው በዝግታ፣ ሞተሩም ራዲያተሩም ለረጅም ጊዜ ግለው ነው። የሦስት ደቂቃ ጉልበት እዚያ ምንም አያደርግልዎትም። ጋዙ ሲያልቅ የቀረውን ዳገት ባዶ ሲሊንደር ተሸክመው ይወጡታል።

ከዚህ የከፋው የሙቀቱ ጉዳይ ነው፤ ሰዎች ብዙም ሲያነሡት አልሰማሁምና ጠበቅ አድርጌ ልንገርዎት። ናይትረስ በመያዣው ሲሊንደር ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል፤ የግፊቱ መጠንም ከሙቀቱ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ጎንደር ሌሊት አድሮ ሲሊንደሩ 10 ዲግሪ ላይ ሲሆን ግፊቱ 40 ባር ገደማ ነው፤ በ20 ዲግሪ 50 ባር ይደርሳል፤ ከ36.4 ዲግሪ በላይ ደግሞ ጋዙ ፈሳሽ ሆኖ መቆየት ስለማይችል ግፊቱ ከ72 ባር አልፎ በፍጥነት ያሻቅባል። መተማ ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት አገር ነው። ጠዋት ጎንደር ላይ የተስተካከለ ቧንቧና ቀዳዳ ከሰዓት በኋላ ቆላው ላይ በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ጋዝ ይለቃል፤ የሚጨመረው ቤንዚን ግን ያው የጠዋቱ ነው። ውጤቱ ከላይ የጠቀስኩት የፒስተን መቅለጥ ነው። ሜዳ ላይ፣ በአንድ የአየር ጠባይ ለሚወዳደር ሰው ይህ ችግር በሲሊንደር ማሞቂያና በግፊት መለኪያ ይፈታል፤ በአንድ ቀን ከደጋ ወደ ቆላ ለሚወርድ ነጋዴ ግን አይፈታም።

ወደ ዋናው ሥራ እንምጣ። ሞተሩን ከመፍታትዎ በፊት ያስለኩት። መካኒክዎ ሞተሩን አሙቆ፣ አራቱንም ካንዴላ አውጥቶ፣ የካርቡራተሩን በር ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ኮምፕሬሽኑን (ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረውን ግፊት) ይለካ። በአምራቹ መመሪያ መሠረት የ22አር ጤናማ ኮምፕሬሽን 171 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) ሲሆን ዝቅተኛው ወሰን 142 ነው። ይህ ቁጥር ግን በባሕር ወለል አየር የተቀመጠ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ጎንደር ላይ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሞተር ከ130 ብዙ ፈቀቅ አይልም፣ ዝቅተኛው ወሰንም 110 ገደማ ይሆናል። ይህን ያላገናዘበ ባለሙያ 130 ያየ ጊዜ “ሞተሩ አልቋል” ብሎ ያለምክንያት ሊያስፈታዎት ይችላል። ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይናገራል፤ ልዩነቱ ከ14 ፒ.ኤስ.አይ. መብለጥ የለበትም። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካትም ጠቃሚ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ያለቀው የፒስተን ፋሻው (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) ነው፣ ካልተነቃነቀ ደግሞ ቫልቮቹ ናቸው። ዘይት መጉረሱ በቫልቭ ጎማዎች ማለቅ ብቻ የመጣ ሆኖ ከተገኘ ቴስታታውን (ቫልቮቹን የያዘውን የሞተሩን የላይኛው ክፍል) ብቻ በማሠራት ብዙ ወጪ ይድንልዎታል።

የዚህ ሞተር የታወቀ ደካማ ጎን የታይሚንግ ሰንሰለቱ (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስተባብረው) ነው፤ ስለዚህ የቴስታታውን ክዳን አስከፍተው በባትሪ መብራት ወደ ፊት ለፊቱ ጉድጓድ ይመልከቱ። ሰንሰለቱን ከግራና ከቀኝ የሚደግፉት መሪዎች ፕላስቲክ ናቸው፤ ሲያረጁ ይሰበራሉ፣ ስባሪያቸውም ወደ ዘይት ቋቱ ይወድቃል። ድጋፉን ያጣው ሰንሰለት የፊት ሽፋኑን አሉሚኒየም እየፋቀ ይሄድና ከጀርባው ባለው የውኃ መተላለፊያ ላይ ቀዳዳ ይከፍታል። ውኃ ከዘይት ጋር የሚቀላቀለው ያን ጊዜ ነው። ዘይቱ ወተት የመሰለ ቀለም ሲይዝ ብዙዎች የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ብለው ጓርኒሲዮኑን ብቻ ይቀይራሉ፤ ሞተሩም በጥቂት ሳምንት ብሮንዚኑን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን መደገፊያ) በልቶ ይቆማል። በእድሳቱ ሰንሰለቱን፣ ጥርሶቹን፣ መወጠሪያውንና ሽፋኑን አንድ ላይ ይመልከቱ፤ መሪዎቹንም ጀርባቸው ብረት በሆነው ዓይነት ይተኩ። ከመላው ዕቅድ ውስጥ በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ጥፋት የሚያስቀረው ይህ ሥራ ነው።

ሞተሩ ከተፈታ በኋላ ቶርኖ ቤቱ እያንዳንዱን ሲሊንደር በላይ፣ በመካከልና በታች፣ በሁለት አቅጣጫ ለክቶ ቁጥሩን በወረቀት እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ያልተለካ ሲሊንደር ላይ አዲስ ፋሻ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ሲሊንደሩ ሞላላ ከሆነ በ0.50 ሚሊ ሜትር አሳድጎ ማሠራትና በዚያው ልክ ፒስተን መግዛት የግድ ይላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ፒስተኑን አስቀድሞ ገዝቶ፣ ለክቶ፣ ከዚያ ሲሊንደሩን በፒስተኑ ልክ ማሠራት ነው። እያንዳንዱ ፋሻ በሚገባበት ሲሊንደር ውስጥ ለብቻው ተጨምሮ፣ በተገለበጠ ፒስተን ቀስ ተብሎ ተገፍቶ ከተስተካከለ በኋላ የጫፎቹ ክፍተት በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ስስ ምላጭ) ይለካ። በ92.5 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር የላይኛው ፋሻ ክፍተት 0.40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን ለእርስዎ ሥራ ይስማማል። ናይትረስ ለሚጨመርበት ሞተር ግን ይህ ክፍተት ወደ 0.55 ወይም ከዚያ በላይ መስፋት አለበት፤ ምክንያቱም ፋሻው ከመጠን በላይ ሲግል ይረዝማል፣ ጫፎቹ ከተገናኙ ደግሞ መሄጃ ያጣና የፒስተኑን ከንፈር ይሰብራል። ሞተሩ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ናይትረስ መጨመር አደገኛ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ክፍተቱን ዛሬ ቢያሰፉት ደግሞ በየቀኑ የማይጠቀሙበትን ነገር ብለው ዘይትና ኮምፕሬሽን ያጣሉ።

ከእድሳቱ ቀጥሎ ከፍታውን በርካሽ ማገዝ ይቻላል። አየር ሲሳሳ ካርቡራተር የሚሰጠው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ጎንደር ላይ የአየርና የቤንዚኑ ቅልቅል አሥር በመቶ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላውን አውጥተው ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ካዩበት ማስረጃው ይኸው ነው፤ የሚገባው መልክ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። የካርቡራተሩን ዋና ቀዳዳ በአንድ ደረጃ ማጥበብ ነዳጅም ይቆጥባል፣ ሞተሩንም ያነቃዋል። በሁለት ደረጃ ግን አያጥብቡት፤ መተማ ሲወርዱ አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚኑ ሊያንስ ይችላል። ለታይሚንጉም (ካንዴላው እሳት ለሚሰጥበት ጊዜ) ያው ነው፤ በደጋው ትንሽ ቢቀድም ጉልበት ይጨምራል፣ ቆላው ላይ ግን በሙቀቱና በወፍራሙ አየር ምክንያት ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ስለዚህ ልኩ መወሰን ያለበት ጭነት ይዘው ቆላው ላይ በሚሰሙት ድምፅ ነው። ከዚህ ሌላ ጎማዎን ይመልከቱ። ከፋብሪካው ልክ የተለቀ ጎማ ገጥመው ከሆነ ማርሹን አክብደውታልና፣ ወደ ቀድሞው ልክ መመለስ ብቻውን ሁለተኛው ማርሽ ላይ የቀረውን መኪና ወደ ሦስተኛ ሊያሻግረው ይችላል።

ተርቦስ ቢሉኝ፣ ለከፍታ ዘላቂው መፍትሔ እርሱ ነው። ቶዮታ ራሱ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የዚህን ሞተር ባለ ተርቦ ዓይነት ሠርቶ 135 የፈረስ ጉልበት አውጥቶበታል። ነገር ግን የኮምፕሬሽን ምጣኔውን ወደ 7.5 ለ 1 ዝቅ አድርጎ፣ ካርቡራተሩንም በነዳጅ መርጫ ተክቶ ነው የሠራው። ይህ በውስን ገንዘብ የሚሞከር አይደለም።

የገንዘብዎ ቅደም ተከተል እንግዲህ ይህ ይሁን፤ መጀመሪያ ልኬቱ፣ ቀጥሎ ቶርኖ ቤቱ፣ ፒስተኑ፣ ፋሻውና ብሮንዚኑ፣ ከዚያ ሰንሰለቱና ቴስታታው፣ በመጨረሻም ራዲያተሩ፣ ፍሪሲዮኑና ካርቡራተሩ። ሞተር ሲፈታ ያልታሰበ ነገር መውጣቱ አይቀርምና ከጠቅላላው ገንዘብ አንድ አምስተኛውን ሳይነኩ ያቆዩት። ፍሬኑንም አይርሱ፤ ዳገቱን በፍጥነት የወጣ መኪና ያንኑ ቁልቁል በጭነት መውረዱ አይቀርም።

ጥያቄ

እኔ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በጋራዥ የምሠራ ወጣት ነኝ። ጓደኞቼ ናይትረስ ካልተገኘ የብየዳ ኦክስጅን በትንሽ ቧንቧ ወደ ሞተሩ ማስገባት ይቻላል፣ ወይም ደግሞ ለሕክምና የሚያገለግለው ጋዝ ያው ናይትረስ ነው ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ

ወንድሜ፣ የኦክስጅኑን ነገር በጭራሽ እንዳትሞክረው፤ ሌላ ሰው ሲሞክርም ካየህ አስቁመው። ከፍተኛ ግፊት ያለው ንጹሕ ኦክስጅን ዘይት ወይም ግሪስ ሲነካ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል፤ የብየዳ ሲሊንደር ቁልፍ በዘይት እጅ አይነካም የሚባለውም ለዚህ ነው። ሞተር ደግሞ ከላይ እስከ ታች በዘይት የራሰ ነው። ናይትረስ ሁለት መከላከያ አለው፤ ኦክስጅኑ ከናይትሮጅን ጋር የተያያዘ በመሆኑ የሚለቀቀው የሞተሩ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ከጋለ በኋላ ነው፤ የሚፈላውም ከዜሮ በታች በ88 ዲግሪ ስለሆነ ከቧንቧው ሲወጣ የሚገባውን አየር አጥብቆ ያቀዘቅዘዋል። የብየዳው ኦክስጅን ከሁለቱ አንዱም የለውም።

የሕክምናው ጋዝ በተፈጥሮው ያው ናይትረስ መሆኑ እውነት ነው። ለመኪና በሚሸጠው ውስጥ ሰው እንዳይተነፍሰው ጥቂት የሚከረፍፍ የድኝ ጋዝ ይጨመርበታል፤ የሕክምናው ይህ የለበትም። የሚያስጠነቅቅ ሽታ ስለሌለው ጋቢና ውስጥ ቢያፈተልክ ሾፌሩ ሳያውቀው አየሩን ተክቶ ራሱን ሊያስተው ይችላል። ከዚያም በላይ ያ ጋዝ የቀዶ ሕክምና በሽተኛ የሚጠብቀው ነው፤ ለመኪና ብሎ ከዚያ መቀነስ በምንም መልኩ የሚደገፍ አይደለም። ሙያውን በደንብ መማር ከፈለግህ ካንዴላ ማንበብንና ፋሻ መለካትን አጥብቀህ ያዝ፤ የትም ብትሄድ ናይትረስ የሚገጥም ባለሙያ አስቀድሞ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ

የታደሰ ሞተር ወዲያው ጭነት ቢይዝ ምን ይሆናል? ስንት ኪሎ ሜትርስ ይለማመድ?

አንባቢ፣ ከዳባት

መልስ

ፋሻው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚስማማው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ሞተሩ እንደተነሣ በዝቅተኛ ዙር ቆሞ እንዲሠራ አይተዉት፤ ለሃያ ደቂቃ ያህል በ2,000 ዙር አካባቢ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ያሠሩት፣ የውኃውን ሙቀትና የዘይቱን ግፊት መለኪያም አይለዩት። ከዚያ ባዶውን ይንዱት። ለስላሳ ዳገት ላይ በመካከለኛ ጉልበት እየጎተቱ፣ ቁልቁል ላይ ደግሞ በማርሽ እየያዙ መሄድ ፋሻውን በሁለቱም ወገን ያሠራዋል፤ ከዳባት ወደ ጎንደር ያለው መንገድ ለዚህ የተመቸ ነው። አንድ ፍጥነት ላይ ረግጦ ረጅም መንገድ መሄድ ግን ጥሩ አይደለም። ከ500 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ዘይቱንና የዘይት ማጣሪያውን ይቀይሩ፤ የቫልቮቹንም ክፍተት እንደገና ያስለኩ። ለ22አር ሞተር ሞቅ እንዳለ የመግቢያው 0.20፣ የመውጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ሙሉ ጭነት ከዚያ በኋላ ይጫን።